የማታው ከንቲባ የመጨረሻ በር

ሐሙስ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዋናዋ ሼፍ ከኩሽናው ተነስታ አሥራ አራቱን የብረት ደረጃ ወረደች። የምትፈልገው ጌታዋን ነበር። ምሳውን ሳይበላ ቀርቷል፤ ስልኩም ይጠራል እንጂ አይነሳም። የቢራ በርሜሎች የሚቀመጡበትን ክፍል ወፍራም የብረት በር በሁለት እጇ ስባ ስትከፍት፣ ወለሉ ላይ በደረቱ ተደፍቶ አገኘችው። ቀኝ እጁ ወደ በሩ እንደተዘረጋ ቀርቷል። ከጣሪያው ሥር ማራገቢያው ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ ይሽከረከራል።

«ልጄ» አለችው ሼፏ፣ አርባ ስድስት ዓመት የሞላውን ሰው። ከዚያ በኋላ ጮኸች።

መርማሪዋ ከአርባ ደቂቃ በኋላ ደረሰች። አጭር፣ ቀጭን፣ ድምፅዋ ዝቅ ያለ ሴት ናት። ባልደረቦቿ በሌለችበት «ወንፊት» ይሏታል፤ የሰውን ወሬ ሁሉ ትቀበልና ጠጠሯን ብቻ አስቀርታ ትሄዳለችና። መግቢያው ላይ፣ በትኬት መሸጫው መስኮት አናት ከተሰቀለው ክብ ሰዓት ሥር ቆም ብላ የእጇን ሰዓት አየች። ግድግዳው ላይ ያለው ስምንት ከሃያ ይላል። የእጇ ግን ዘጠኝ ከአርባ። ከሰዓቱ የወጣውን ሽቦ በዓይኗ ተከተለችው፤ ሽቦው ግድግዳውን ታክኮ ወደ ላይኛው ፎቅ ያመራል። ከዚያ ወደ ምድር ቤቱ ወረደች።

ጡረታ ሊወጣ ሦስት ወር የቀረው ሃምሳ አለቃ አስከሬኑ አጠገብ ይጠብቃት ነበር።

«አደጋ ነው፣ አለቃ» አላት። «የጋዙ ቱቦ ከሲሊንደሩ ወልቋል። ቢራውን ከበርሜል ገፍቶ ወደ ላይ የሚያወጣው ጋዝ ነው። ሽታ የለው፣ ቀለም የለው፤ ከአየር ስለሚከብድ መሬት ለመሬት ይተኛል። የማስጠንቀቂያው ደወል ደግሞ ያው፣ ገና ከካርቶኑ አልወጣም። ሰውየው ገባ፣ ሳበ፣ ወደቀ። ሐኪሙም ታፍኖ ነው ብሏል።»

«ማራገቢያውስ?»

«ይሠራል።»

«እሱን እኮ ነው የምጠይቅህ። እየሠራ ጋዙ እንዴት ተጠራቀመ?»

ሃምሳ አለቃው አንገቱን ቀና አድርጎ ማራገቢያውን አየው። «እንግዲህ…» አለ።

መርማሪዋ የበሩን መያዣ ከውስጥ በኩል ሞከረችው። ያለ ችግር ይከፈታል። ከውጭ ያለው ኮሪደር ጠባብ ነው፤ ግድግዳው ለምረቃው ተብሎ ትናንት ነጭ ቀለም ተቀብቷል። ከበሩ ትይዩ፣ ከጉልበት ትንሽ ከፍ ብሎ፣ አዲሱ ቀለም ላይ የጫማ ሶል ታትሟል። ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ ቆመችና እግሯን አንስታ ወደ ምልክቱ ዘረጋች። ጫማዋ ሊደርስ ጥቂት ቀረው። ረዘም ያለ ሰው ቢሆን ተረከዙን ግድግዳው ላይ ተክሎ በሩን በጀርባው መግፋት ይችላል።

እግሯን መለሰች። ፊቷ ጠቁሮ ነበር።

«ከውስጥ እየተገፋ ያለ በር» አለች ቀስ ብላ፣ «ሲያዝ እንዲህ ነው።»

* * *

ሟቹን ጋዜጦች «የማታው ከንቲባ» ይሉታል። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ አንድ ቦርሳ አንጠልጥሎ፣ የዚህን አገር ቋንቋ ከዳቦና ከውሃ በቀር ሳያውቅ የገባ ስደተኛ ነበር። ሁለት ዓመት ሰሃን አጠበ። ከዚያ አብራው ሰሃን ታጥብ ከነበረችው ከዛሬዋ ዋና ሼፍ ጋር ባለ ስድስት ጠረጴዛ ምግብ ቤት ከፈተ። ስድስቱ ጠረጴዛ ቡና ቤት ወለደ፣ ቡና ቤቱ የዳንስ ቤት፣ የዳንስ ቤቱ ሆቴል። ዝናው በጨመረ ቁጥር ክሱም አብሮ አደገ። ጎረቤት በጩኸት ከሰሰው፤ ዘፋኞች በውል ከሰሱት፤ ምክር ቤቱ ሁለቴ ፈቃዱን ቀማው፣ ሁለቴም መለሰለት። «መጤ ሆኖ ከተማውን አሰከረው» የሚሉት ነበሩ፤ «የከተማውን ሰው ማን አስተናገደው?» የሚሉም ነበሩ።

የዛሬ ሰባት ዓመት ግን ክርክሩን ሁሉ ዝም ያሰኘ ነገር ደረሰ። የዳንስ ቤቱ ተቃጠለ። የኋለኛው የአደጋ ጊዜ በር ተቆልፎ ስለነበር አሥራ አንድ ሰው አለቀ። እሱም እጆቹ ተቃጥለው ሆስፒታል ገባ። ፍርድ ቤት «ቁልፉ በእጁ ነበር» ተብሎ በተመሰከረበት በረኛ ላይ አራት ዓመት ፈረደ፤ ባለቤቱን በነጻ አሰናበተ። አሁን ከሰባት ዓመት በኋላ አንድ አሮጌ ሲኒማ ቤት አድሶ፣ ቅዳሜ አዲሱን የዳንስ አዳራሽ ሊከፍት ሁለት ቀን ሲቀረው ሞተ።

ሐሙስ ጧት ከሟቹ ሌላ ሕንፃው ውስጥ የነበሩት ሼፏና ታናሽ ወንድሙ ብቻ ናቸው። በረኛው ዘግይቶ ደርሷል። የሟቹ ሚስት ቤቷ ነበረች።

* * *

ሚስቱን ባዶው አዳራሽ ውስጥ፣ ላስቲኩ ያልተነሳለት አዲስ ሶፋ ላይ አገኘቻት። የተቃጠሉ ሕሙማንን የምትንከባከብ ነርስ ናት። ባሏንም ያወቀችው ያኔ እጆቹን ስታሽግለት ነው።

«በር ይፈራ ነበር» አለች። «ከቃጠሎው ወዲህ የተዘጋ ክፍል ውስጥ አንድ ደቂቃ አይቆምም። የመኝታ ቤታችንን በር ነቅሎ ጥሎታል። እንግዳ ሲመጣ እንኳ እንደተጋለጥን ነው የምንተኛው።»

«ምድር ቤት ሲወርድስ?»

«ቀይ የቢራ ሳጥን አለችው። በሩን በእሷ አስደግፎ ነው የሚገባው።»

መርማሪዋ ሳጥኗን አይታታለች። ኮሪደሩ ውስጥ ከሌሎቹ ሳጥኖች ላይ ተስተካክላ ተደርድራለች።

«ለመጨረሻ ጊዜ መቼ አነጋገሩት?»

«አምስት ከሠላሳ አምስት ላይ ደወለልኝ። ቅዳሜ ስለሚያደርገው ንግግር ስናወራ ቆየንና፣ ‹ቢራው አይወጣም ብሎኛል፤ ወርጄ ልየው› አለኝ።»

«‹ብሎኛል› ነው ያለው? ‹ብላኛለች› አይደለም?»

ሚስቱ ትንሽ አሰበች። «ብሎኛል ነው ያለው።»

«ንግግሩስ?»

«በወረቀት ጽፎታል። ጧት ሲወጣ በደረት ኪሱ ሲከተው አይቻለሁ። ‹ሰባት ዓመት ያፈንኩትን እተነፍሳለሁ› ነው ያለኝ። አላነበበልኝም።»

በሟቹ የደረት ኪስ ውስጥ ምንም ወረቀት አልተገኘም።

ሼፏ ኩሽናዋ ውስጥ፣ ማንም ያልነካውን ቢላዋ ደጋግማ እያጠበች ነበር።

«ተጣልተን ነበር፤ አልዋሽም» አለች። «‹እትዬ፣ አሁን እረፊ› አለኝ። እኔ ማረፍ የምፈልግ መሰለው! አብረን ሰሃን ያጠብንበትን ዘመን ረስቶ! ታዲያ ሰው በእረፍት ይገደላል?»

«አይገደልም። መቼ ነው ያዩት?»

«አምስት ተኩል ላይ፣ በእጄ ሰዓት። ሾርባውን ቀምሶ ‹ጨው አንሷል› አለኝ። አላነሰውም ነበር።» ቢላዋውን መልሳ ውሃው ውስጥ ነከረችው። «ሊያናድደኝ ነው እንዲህ የሚለው።»

«ጧት ዕቃ ተረክበው ነበር?»

«አራት ተኩል ላይ፣ አትክልት። የትኬት መስኮቱን ሰዓት አይቼ ነው ደረሰኙ ላይ የጻፍኩት። ሾፌሩም በራሱ ሰዓት ያንኑ ነው የጻፈው።»

ሦስተኛው በረኛው ነው። ትከሻው ሰፊ፣ ድምፁ ቀጭን የሆነ ሰው። እስር ቤት ፀጉሩን አሽብቶ መልሶታል። ሃምሳ አለቃው መርማሪዋ ጆሮ ላይ ጎንበስ ብሎ፣ «ውሸታም ይዘናል» አላት። «የሰዓት መፈረሚያው ላይ አምስት ከአሥር ገባሁ ብሎ ጽፏል። ማዶ ያለው ፋርማሲ ካሜራ ግን ስድስት ተኩል ላይ ነው ሲገባ ያሳየው። አራት ዓመት በሰው ጥፋት የታሰረ፣ አሁን ደግሞ የሚዋሽ! ሌላ ምን እንፈልጋለን?»

መርማሪዋ ወደ በረኛው ዞረች። «የገባህበትን ሰዓት ከየት አይተህ ነው የጻፍከው?»

«ከዚያው ከግድግዳው። ሌላ ሰዓት የለኝም።» በረኛው እጆቹን ጉልበቱ ላይ አኖረ። «አውቃለሁ፣ እኔን ነው የምታዩት። አልፈርድባችሁም። እኔም ብሆን እኔን ነበር የማየው። ግን ከሁለት ወር በፊት ቤቴ መጥቶ ልጆቼ ፊት ተንበረከከ። ‹በደልኩህ፤ በአዲሱ ቤቴ በር ላይ መልሼ አቆምሃለሁ፤ ቅዳሜ ሰው ሁሉ ባለበት ስምህን እመልስልሃለሁ› አለኝ። የሚመልስልኝን ሰው ለምን እገድላለሁ?»

«በሩን የቆለፈው ማን እንደሆነ ነግሮሃል?»

«አልነገረኝም። እኔም አልጠየቅኩትም። እሱ ራሱ ይመስለኝ ነበር።»

በመጨረሻ ወደ ላይ ወጣች። ታናሽ ወንድምየው ፊልም ይታይበት በነበረው፣ መስኮት በሌለው ትንሽ ክፍል ውስጥ ቢሮ አለው። ረጅም፣ መልከ መልካም፣ ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነው። በአሥራ አምስት ዓመቱ አስመጥቶ፣ አስተምሮ፣ ሰው ያደረገው ወንድሙ ነው። ዓይኖቹ ቀልተዋል። ጠረጴዛው ላይ ሁለት መቶ የግብዣ ካርድ ተቆልሏል።

«ጋሼ አባቴ ነበር» አለ። «ምን ልበልሽ?»

«ጧት የት ነበርክ?»

«ከአምስት ሰዓት እስከ ስድስት ተኩል ከዚህች ወንበር አልተነሳሁም። ካርዱን ሳትም ነበር። አታሚዋ አሮጊት ናት፤ አንድ በአንድ ነው የምትተፋው።»

«አንዴም አልቆመችብህም?»

«አንዴም። ብትቆም ኖሮ መች እጨርስ ነበር?»

«ቅዳሜ ወንድምህ ምን ሊናገር እንደነበር ታውቃለህ?»

«እንኳን ደህና መጣችሁ ይል ነበራ! ሌላ ምን ይላል?»

መርማሪዋ አመስግናው ወጣች። ደረጃው ላይ ሃምሳ አለቃውን፣ «ሕንፃውን ያደሰውን የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ፈልግልኝ» አለችው።

* * *

ዓርብ ጧት ሦስት ሰዓት ላይ አራቱም በዚያው መስኮት አልባ ቢሮ ውስጥ ተሰበሰቡ። ሚስቱ ጥቁር ለብሳ ተቀመጠች። ሼፏ ግድግዳ ተደገፈች። በረኛው ከልማዱ የተነሳ በሩ አጠገብ ቆመ። ታናሹ ከጠረጴዛው ኋላ ነው። መርማሪዋ አታሚ ማሽኑን አስነሳችና ካርድ ማተም ጀመረች። ማሽኑ እየተንተፋተፈ ይሠራል። ሃምሳ አለቃውን ወደ ታች ላከችው።

«ከማራገቢያው ልጀምር» አለች። «ክፍሉን በሩብ ሰዓት ውስጥ የሚያጸዳ ማራገቢያ እየሠራ ሰው በጋዝ አይታፈንም። ስለዚህ አንድ ሰው አጥፍቶት ነበር። ስናገኘው ግን እየሠራ ነው። የሞተ ሰው ተነስቶ አያበራም። ያጠፋው ሰው ነው መልሶ ያበራው።»

ማሽኑ አንድ ካርድ ተፋ።

«ቀጥሎ ቀይዋ ሳጥን። እሱ በሩን በእሷ ሳያስደግፍ አይገባም። ሳጥኗን ግን ኮሪደሩ ውስጥ ተደርድራ ነው ያገኘናት። ከጀርባው ሆኖ አንስቷት፣ በሩን የዘጋ ሰው አለ። መያዣው ይሠራል፤ ታዲያ ለምን አልወጣም? ሰውየው በሩን በጀርባው ስለያዘው ነው። እግሩን ከትናንት በስቲያ የተቀባው ግድግዳ ላይ ተክሎ ነበር።»

ሚስቱ ዓይኖቿን ጨፈነች።

«አሁን ወደ ሰዓት እንምጣ። የትኬት መስኮቱ ሰዓት ከማራገቢያው ጋር በአንድ መስመር በኤሌክትሪክ የሚሠራ ነው፤ መስመሩ ሲቋረጥ ይቆማል፣ ሲመለስ ከቆመበት ይቀጥላል። አራት ተኩል ላይ ልክ ነበር፤ እትዬና ሾፌሩ ይመሰክራሉ። በረኛው ስድስት ተኩል ላይ ሲገባ ግን አምስት ከአሥር ብሎ አሳየው።» ወደ በረኛው ዞረች። «አልዋሸህም። የዋሸው ሰዓቱ ነው።»

በረኛው ለሰባት ዓመት ያጣውን ቃል የሰማ ያህል ደነገጠ።

«ከአራት ተኩል እስከ ስድስት ተኩል ሁለት ሰዓት ነው። ከዚህ ውስጥ መስመሩ ሰማንያ ደቂቃ ተቋርጧል። ቶሎ ተቋርጦ ቢሆን፣ የተመለሰው ከአምስት ከሃምሳ በፊት አይደለም። ዘግይቶ ቢሆን፣ የተቋረጠው ከአምስት ከአሥር በኋላ አይደለም። በየትኛውም መንገድ ብታሰሉት፣ ከአምስት ከአሥር እስከ አምስት ከሃምሳ የምድር ቤቱ መስመር ጠፍቶ ነበር።»

«ታዲያ እኔ ምን አገባኝ?» አለ ታናሹ። «እኔ እዚህ ላይ ነበርኩ አልኩሽ እኮ።»

«አልከኝ። ማሽኗም አንዴም አልቆመችም አልከኝ።» መርማሪዋ ስልኳን አንስታ፣ «ሃምሳ አለቃ፣ ‹ምድር ቤት› የሚለውን ብሬከር አጥፋው» አለች።

ቢሮው ድርግም አለ። ማሽኑ ካርዱን አጋምሶ ቆመ። በጨለማው ውስጥ አምስት ሰው ሲተነፍስ ብቻ ይሰማል። ከመካከላቸው የአንዱ ትንፋሽ ይቆራረጣል።

«አብራው» አለች።

መብራቱ ሲመለስ ታናሹ ከወንበሩ ተነስቶ ቆሟል።

«የኤሌክትሪክ ሠራተኛው ባለፈው ሳምንት የትኬት መስኮቱንና ይህን ቢሮ ከምድር ቤቱ መስመር ጋር አገናኝቷቸዋል። ብሬከሩ ላይ ያለው ጽሑፍ ግን አልተለወጠም፤ የምድር ቤቱ አምፖሎች ደግሞ በደረጃው መስመር ስለሆኑ ወንድምህ ሲወርድ ጨለማ አልጠበቀውም። እዚህ የተቀመጠ ሰው ቢሆን ጨለማው በዋጠው ነበር። አንተ አልጨለመብህም፤ እዚህ አልነበርክማ። ካርዱን ያተምከው ከዚያ በኋላ ነው። ‹ቢራው አይወጣም ብሎኛል› ብሎ ለሚስቱ ሲነግር፣ ቤቱ ውስጥ የነበረው ወንድ አንተ ብቻ ነህ። ማራገቢያውን መልሰህ ያበራኸውም ገብተህ ከኪሱ ወረቀቱን ለማውጣት ነው።»

«ለምን ብዬ? አባቴ ነው አልኩሽ!»

«እኔም ሌሊቱን ሙሉ የጠየቅኩት እሱን ነው። ያን በር የቆለፈው እሱ ራሱ ቢሆን፣ ልናዘዝ ሲል የሚገድለው አይኖርም ነበር። በረኛው ቢሆን የሚናዘዘው ነገር አይኖርም። ሦስተኛ ሰው አለ። አሥራ አንድ ሬሳ ትከሻው ላይ ተሸክሞ፣ ንጹሕ ሰው አሳስሮ፣ ሰባት ዓመት ዝም የሚልለት ሰው። ወንድምህ ያን ያህል የሚወደው ማንን ነበር?»

ሚስቱ ቀስ ብላ ተነሳች። «አንተ ነበርክ የቆለፍከው?»

ታናሹ አላያትም። የሚያየው በረኛውን ነበር።

«በነጻ የሚገቡትን ልከለክል ብዬ ነው» አለ። «ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። ቁልፉን ኪሴ ከትቼ ልጨፍር ሄድኩ። በቃ፣ ይኸው ነው። ጋሼ ‹እኔ አለሁልህ፣ ዝም በል› አለኝ። ዝም አልኩ። ዝም ማለት ደግሞ ይለመዳል። ከዚያ ባለፈው ሳምንት መጥቶ ‹ቅዳሜ እናገራለሁ፤ አብረኸኝ ቁም› ይለኛል! ከሰባት ዓመት በኋላ! ለመንኩት። እግሩ ላይ ወደቅሁ። ‹እነዚያ አሥራ አንዱም ለምነው ነበር› አለኝ።»

«በሩን ሲገፋ» አለች መርማሪዋ፣ «ምን አለ?»

ወጣቱ ፊቱን በእጆቹ ሸፈነ። «ስሜን ጠራ። ያለሁ መስሎት… እንዳስወጣው ነው የጠራኝ። እኔ እንደያዝኩት አላወቀም።»

ሼፏ ግድግዳውን እየታከከች ቁልቁል ተንሸራታ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። በረኛው ሄዶ ደግፎ አነሳት።

ሃምሳ አለቃው ከታች ተመልሶ ካቴናውን አሰረ። ታናሹ እጁን ራሱ ነው የዘረጋለት። ሊወጡ ሲሉ ጠረጴዛው ላይ የነበረው ስልኩ ይነዝር ጀመር።

«እናቴ ናት» አለ። «ከአገር ቤት። መሞቱን ትናንት ነግሬያታለሁ። ካላነሳሁላት ልቧ ይቆማል።»

መርማሪዋ ራሷን በእሺታ ነቀነቀች። እጆቹ ታስረው ስለነበር ሃምሳ አለቃው ስልኩን አንስቶ ድምፅ ማጉያውን ነካለት። ንግግሩ በአገራቸው ቋንቋ ነበር፤ ከክፍሉ ሰዎች የገባት ቋንቋውን ከባሏ የተማረችው የሟቹ ሚስት ብቻ ናት።

«ሃሎ? ማነው?» አለ የአሮጊት ድምፅ።

«እኔ ነኝ፣ እማዬ።»

«እሰይ ልጄ! ዓይኔ ሳይከደን ነጋ። ፖሊሶቹ ምን አሉ? ማን እንደሆነ ታወቀ?»

«እኔ ነኝ።»

«አንተ መሆንህንማ መች አጣሁት፤ ድምፅህን ይጠፋኛል? ስለ ወንድምህ ነው የምጠይቅህ። ልጄን የገደለብኝ ማነው?»

ሚስቱ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ታናሹ ወደ ስልኩ ጎንበስ አለ።

«እኔ ነኝ፣ እማዬ» አለ ለሦስተኛ ጊዜ።

ስልኩ አልተዘጋም። ሃምሳ አለቃው ዘርግቶ እንደያዘው ቆመ፤ የአሮጊቷ ትንፋሽ ከዚያ ሁሉ ርቀት ይሰማ ነበር፣ ሊዘጋውም የደፈረ አልነበረም።